ቴምፖራሪ ክራውን ይወድቅብኛል፣ ይሰበርብኛል፣ ድዱም ይደማል። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ጀማሪ ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ። ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ለክራውን፣ ጥርሱን እንደ ቆብ ለሚሸፍነው፣ ጥርስ መሞረዱ ቀስ በቀስ እየገባኝ ነው። ቴምፖራሪው፣ ዋናው እስኪደርስ የሚለጠፈው ጊዜያዊ ክራውን፣ ግን አልሆነልኝም።

ሰሞኑን ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ታች በቀኝ በኩል ያለውን የመጀመሪያውን መንጋጋ፣ 46ን፣ ለሜታል ሴራሚክ (ብረት ላይ ፖርሴሊን ለሚለብስ) ክራውን ሞረድኩ። የጥርሱን ቅርጽ በሲሊኮን ቀድቼ ልኬት ወሰድኩ። ከዚያ ከመሞረዴ በፊት በያዝኩት የፑቲ (የሚቦካ ሲሊኮን) ቅርጽ ውስጥ ቢስ-አክሪል የተባለውን የቴምፖራሪ ሬዚን ሞልቼ ቴምፖራሪ ሰራሁ። በሁለተኛው ቀን ወደቀ። መልሼ ለጠፍኩት። በአምስተኛው ቀን ተሰብሮ መጣ። ሌላ ሰራሁ። ክራውኑ ከላብራቶሪ ደርሶ ልገጥም ስል ደግሞ ድዱ አብጧል፣ ገና ሲነካ ደም በደም ሆነ። በዚያ ሁኔታ ሲሚንቶ አላደርግም ብዬ ቀጠሮውን አራዘምኩት። ታካሚዋ ምንም አላለችኝም። እኔን ግን ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክነኝ አደረ።

ለምን ይወድቃል? ለምን ይሰበራል? ድዱስ ለምን እንዲህ ሆነ? አሰራራችሁን ከነዝርዝሩ ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ክራንቻ 13

ሰላም ዶክተር። ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ሲሚንቶህ ምን ዓይነት ነው? የተሰበረውንስ ቴምፖራሪ አልጣልከውም አይደል?

ጀማሪ ሐኪም

ዩጂኖል የሌለው ጊዜያዊ ሲሚንቶ ነው። ስባሪው አለ። ምን ያደርጋል?

ክራንቻ 13

የተሰበረበትን ቦታ ውፍረት በካሊፐር ለካና ንገረን።

ጀማሪ ሐኪም

ለካሁት። በጉንጭ በኩል ያለው የኋለኛው ኩስፕ፣ የመንጋጋው ጉብታ፣ ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላው ቦታ 1.6፣ 1.8 አካባቢ ነው። ደነገጥኩ።

ክራንቻ 13

አይዞህ፣ መለካትህ ጥሩ ሆነ። የስብራቱ ነገር ተመለሰ።

ታች መንጋጋ ላይ ዋናውን የማኘክ ጫና የሚሸከሙት በጉንጭ በኩል ያሉት ኩስፖች ናቸው። ለሜታል ሴራሚክ እዚያ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋል። አንተ የሰጠኸው 0.7 ነው። ቢስ-አክሪል በዚህ ውፍረት የመንጋጋ ንክሻ አይችልም። ስብራቱ በደንብ ያልተሞረደውን ቦታ እየጠቆመህ ነው።

ለዚህ ነው እኔ ቴምፖራሪውን ከልኬቱ በፊት የምሰራው። ብዙዎቻችን ልኬቱን ወስደን፣ እኛም ታካሚውም ደክሞን፣ በቀረችው አስር ደቂቃ ነው ቴምፖራሪ የምንሰራው። እኔ ቅደም ተከተሉን ከገለበጥኩት ቆየሁ። ሞርጄ ስጨርስ ቴምፖራሪውን እሰራለሁ። ታካሚው እየነከሰ የንክሻ ምልክት በሚያሳይ ወረቀት አስተካክለዋለሁ። ከዚያ አውጥቼ ዙሪያውን በካሊፐር እለካለሁ። ንክሻው ከተስተካከለ በኋላ የሚገኘው ውፍረት ለክራውኑ የቀረው ትክክለኛ ቦታ ነው። ሳሳ ያለ ካገኘሁ ወደ ጥርሱ እመለሳለሁ። እዚያችው ቦታ ላይ እሞርዳለሁ፣ ቴምፖራሪውንም ከውስጥ በአዲስ ቁስ እሞላዋለሁ። ልኬት የምወስደው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለው። ቢስ-አክሪል ሲጠነክር ላዩ ላይ የሚጣበቅ ስስ ሽፋን ይቀራል። አየር እንዳይጠነክር የከለከለው ሬዚን ነው። እሱ ጥርሱ ላይ ከቀረ የልኬቱ ሲሊኮን በነካው ቦታ ሁሉ አይደርቅም። ስለዚህ ከልኬት በፊት ጥርሱን በፓሚስ (ማሻሻ ዱቄት) ማሸት ወይም በአልኮል በራሰ ጥጥ ደህና አድርጎ መጥረግ የግድ ነው። ፑቲውን ስታቦኩም የላቴክስ ጓንት አታድርግ። ላቴክሱ ውስጥ ያለው ሰልፈር ሲሊኮኑን እንዳይጠነክር ያደርገዋል።

አሁን ወደ መውደቁ። የሞረድከው ጥርስ ቁመቱ ስንት ነው? መንጋጋ ላይ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ካልቀረ፣ ወይም ግድግዳው ወደ ላይ በጣም ከሾለ፣ ሲሚንቶ ብቻውን አይዘውም። ከዚህ ሌላ የምጠረጥረው ንክሻውን ነው። ከፍ ያለ ቴምፖራሪ ታካሚው ባኘከ ቁጥር ይወዛወዛል። ሲወዛወዝ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል። ወደ ጎን ሲያፋጭም እንደሚነካ አይተሃል?

ጀማሪ ሐኪም

ወደ ጎኑን አላየሁም። ዝም ብላ እንድትነክስ ብቻ ነው ያደረግኩት። ቁመቱ በሞዴሉ ላይ ወደ 4.5 ነው።

ክራንቻ 13

እንግዲያው ጥርሱ ደህና ነው። ንክሻውን እይ።

የሰም ቢላ

የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ከእኛ ወገን አንድ ነገር ልበል።

0.7 ያለው ሞዴል ሲደርሰኝ የምገባበትን ጭንቀት ብታውቁት። ብረቱ ብቻውን ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። በላዩ ብረቱን የሚሸፍነው ኦፔክ አለ። ፖርሴሊኑ ሕይወት ያለው ጥርስ እንዲመስል ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ቦታው ከሌለ ወይ ፖርሴሊኑን አሳስቼ እልካለሁ፣ ወይ ሐኪሙን ጠይቄ እዚያ ቦታ ላይ ብረቱን እተወዋለሁ። ካሳሳሁት ኦፔኩ ነጥቶ ይታያል፣ ቀለሙ ይሞታል። እባክህ የመጣልህን ክራውን ያንን ኩስፕ ላይ እየው።

ጀማሪ ሐኪም

አሁን አየሁት። ልክ እንዳልከው ነው። ኩስፑ ላይ እንደ ኖራ የነጣ ክብ አለ። ክራውኑ ሲደርሰኝ አይቼው የቀለም ምርጫዬ መስሎኝ ነበር።

የሰም ቢላ

ቀለሙ አይደለም፤ ቦታ ስላልነበረ ነው። ይህን ክራውን አትግጠመው ብዬ ልመክርህ እደፍራለሁ። ጊዜ ሲያልፍ እዚያው ላይ ይፈነከታል። ጥርሱን አስተካክለህ አዲስ ልኬት ላክ። ቴክኒሺያንህንም ደውለህ አናግረው። ዝም ብሎ መስራት አልነበረበትም፣ መጠየቅ ነበረበት።

ድድ ጠባቂ

ዘግይቼ መጣሁ። ስብራቱንና መውደቁን ወንድሞቼ መልሰውታል። የድዱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ዓመት የታገልኩት ከእሱ ጋር ነው።

ድዱን የሚያበግነው የቴምፖራሪው ጠርዝ፣ ማርጂን የምንለው ነው። ጠርዙ ከተሞረደው መስመር አልፎ ከወጣ ድዱን ይጫነዋል፣ ከስሩ ደግሞ ቆሻሻ ይከማቻል። ብሩሽም የጥርስ ክርም አይደርስበትም። ጠርዙ ካጠረ ደግሞ ድዱ በባዶው ቦታ ላይ ይተኛል፣ ጥርሱም ቀዝቃዛ ነገር በነካው ቁጥር ያማል። ክራውኑን ልትገጥም ስትመጣ ያንን የተኛ ድድ መግፋት አለብህ። ያኔ ነው የሚደማው። ሻካራ ጠርዝና ተረስቶ የቀረ ሲሚንቶም ያንኑ ያደርጋሉ።

ጠርዙን ከመሥራታችን በፊት ግን እንዴት እንደምትሞላው ልጠይቅህ። የመቀላቀያውን ጫፍ ቅርጹ ውስጥ እያነሳህ እያስገባህ ነው ወይስ አንድ ቦታ ተክለህ? ከካርትሪጁ መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ ሁልጊዜ ውጪ ላይ ጣለው፤ በደንብ ላይቀላቀል ይችላል። ከዚያ ጫፉን ከቅርጹ ጥልቅ ቦታ ተክለህ፣ ከቁሱ ውስጥ ሳታወጣው፣ ከታች ወደ ላይ እየሞላህ ና። ጫፉ ብቅ ብሎ ከተመለሰ አየር ይዞ ይገባል። ያ አየር ሁልጊዜ የሚገኘው በማትፈልገው ቦታ ነው፣ ወይ ጠርዝ ላይ ወይ ኩስፕ ላይ።

ቅርጹን ጥርሱ ላይ ካስቀመጥክ በኋላ ሰዓት ያዝ። የእኔ ቁስ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆነው እንደ ላስቲክ ይሆናል። የአንተን ከሳጥኑ ላይ አንብብ። በጣም ቀድመህ ካወጣኸው ይጣመማል። ከዘገየህ ከጎረቤት ጥርሶች ሆድ ስር የገባው ትርፍ ጠንክሮ ይቆለፋል፣ ያኔ ቆርጠህ ነው የምታወጣው። ጥርሱ በአዲስ ኮምፖዚት (የሬዚን ሙሌት) የተሞላ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ስስ ቫዝሊን ቀባው፤ አለዚያ ቢስ-አክሪሉ ከኮምፖዚቱ ጋር ይጣበቃል። አውጥተህ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ጠረጴዛ ላይ ተወው፣ የሚጣበቀውን ሽፋን በአልኮል ጥረግ።

አሁን ጠርዙ። ቴምፖራሪውን ገልብጠህ ከውስጥ በኩል በደማቅ ብርሃን እይ። ሁለት መስመር ታያለህ። የውስጠኛው አንተ የሞረድከው ጥርስ ጠርዝ ነው። ከእሱ ውጪ ያለው ድዱ ላይ የፈሰሰ ትርፍ ነው። በቀጭኑ በተቀረጸ እርሳስ የውስጠኛውን መስመር ዙሪያውን ሳለው። ከዚያ በዲስክ እርሳሱ እስኪደርስ ብቻ ቁረጥ። እርሳሱን አትብላው። እኔ እዚህች ላይ አልቸኩልም፣ አጋዤም ታውቃለች፣ ማንም አያናግረኝም።

መስመሩ ተቋርጦ ካገኘኸው፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ጉድጓድ ወይም የጎደለ ካለ፣ እንዲሁ አትለጥፈው። ጉድለቱን ሻከር አድርገህ ፍሎዌብል (የሚፈስ) ኮምፖዚት ጨምርበት፣ ጥርሱ ላይ አስቀምጠህ ብርሃን አብራበት፣ አውጥተህ እንደገና ቁረጥ። ቴምፖራሪው የቆየ ከሆነ ከፍሎዌብሉ በፊት ቦንድ (ማጣበቂያ) ቀባ። በመጨረሻ በመርማሪው ጫፍ ከጥርሱ ወደ ቴምፖራሪው፣ ከቴምፖራሪው ወደ ጥርሱ ተሻገር። በሁለቱም አቅጣጫ መደናቀፍ የለበትም። ከጥርሱ ወደ ቴምፖራሪው ስትሄድ ከተደናቀፈ ተርፏል። በተቃራኒው ከሆነ አጥሯል።

ጀማሪ ሐኪም

እህቴ፣ ይህን ማንም እንዲህ አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም። እኔ በዓይኔ ገምቼ ነበር የምቆርጠው። ከሲሚንቶ በኋላስ?

ድድ ጠባቂ

ከመለጠፍህ በፊት የውጪውን ገጽ በስሱ ቫዝሊን ቀባው፣ ውስጡን ግን እንዳይነካ። ሲሚንቶውን ውስጡ ላይ ስስ አድርገህ ጠርዙ አካባቢ አዙርበት። ሙሉ ሲሞላ ቴምፖራሪው በትክክል አይቀመጥም፣ ንክሻው ከፍ ይላል። ሲጠነክር ትርፉ በቫዝሊኑ ምክንያት በአንድ ላይ ይላጣል። ከጎንና ከጎን ባለው ክፍተት ውስጥ ቋጠሮ ያላት የጥርስ ክር አሳልፍ። ቋጠሮዋ የተደበቀውን ይዛ ትወጣለች።

ዱቄትና ፈሳሽ

ሁላችሁም ቢስ-አክሪል ብቻ ናችሁ። እኔ ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ ከሚሰራው አክሪሊክ አልወጣሁም፣ የምወጣም አይመስለኝም። በተለይ ለብሪጅ። ሦስት አራት ጥርስ የሚያያይዝ ቴምፖራሪ ወር ሁለት ወር የሚቆይ ከሆነ ቢስ-አክሪል መያያዣው ላይ ይሰነጠቃል። አክሪሊክ ይችላል። ቢሰበር እንኳ በፈሳሹ አርሰህ ዱቄት ስትጨምርበት አንድ ይሆናል።

ጠርዙንም በብሩሽ ነው የምሰራው። ብሩሹን ፈሳሹ ውስጥ ነከር፣ ዱቄቱን ነካ። ጫፉ ላይ ጤዛ የመሰለች ጠብታ ትቆማለች። ከውስጥ በትንሹ በፈለፈልኩት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን አስቀምጣታለሁ፣ ጥርሱ ላይ አስገባዋለሁ። ከእንዲህ ያለ ጠርዝ የተሻለ አላየሁም።

ክራንቻ 13

ለረጅም ብሪጅ ካንተ ጋር ነኝ። ለነጠላ ጥርስ ግን ሙቀቱን አልወደውም። አክሪሊክ ሲጠነክር በደንብ ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በ1965 ዛክ እና ኮኸን በጦጣዎች ጥርስ ላይ ሲሞክሩ፣ የነርቩ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሲጨምር 15 ከመቶ ያህሉ ነርቭ አላገገመም። ያ ደግሞ ያልተሞረደ ጥርስ ላይ ነው። እኛ የላዩን ሽፋን ኢናሜሉን አንስተናል፣ ከስሩ ያለውን ዴንቲኑንም አሳስተናል። ፈሳሹ ራሱም ድዱንና ነርቩን ያስቆጣል። አክሪሊክ ሲጠነክርም ከቢስ-አክሪል የበለጠ ይኮማተራል።

ዱቄትና ፈሳሽ

ሙቀቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን እስኪጠነክር አፍ ውስጥ የሚተው ሰው የለም፣ መኖርም የለበትም። ላስቲክ ሲሆን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ፣ በውሃ እየረጨሁ አወጣለሁ አስገባለሁ። የመጨረሻው ጥንካሬ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነው የሚመጣው። ወይም መጀመሪያውኑ ሞዴል ላይ ቅርፊቱን ሰርቼ አፍ ውስጥ በትንሽ ቁስ ብቻ ልክ አደርገዋለሁ። ቁሱ ትንሽ ከሆነ ሙቀቱም ትንሽ ነው።

ክራንቻ 13

ሞዴል ላይ ቅርፊቱን ሰርቶ መምጣቱን እኔም እወደዋለሁ። በዚህ ተስማማን።

ታካሚ ነኝ

ይቅርታ፣ ሐኪም አይደለሁም። የማነበው ነገር ስለገጠመኝ ነው የምጽፈው። ባለፈው ዓመት ቴምፖራሪዬ ወደቀ። አላመመኝም ነበር፣ ምክንያቱም ነርቩ ቀድሞ ታክሟል። ዋናው ሊመጣ አስር ቀን ስለቀረው ዝም አልኩ። ዋናው ክራውን ሲመጣ ግን አልገባ አለ። ሐኪሜ እንደገና ልኬት ወሰደ። እውነት በአስር ቀን ይሄ ሁሉ ይሆናል? እኔ ነኝ ጥፋተኛው?

ድድ ጠባቂ

ጥፋተኛ የሚል ቃል አያስፈልግም። ሊነገርዎት ይገባ ነበር። አዎ፣ በቀናት ውስጥ ይሆናል። ጥርሶች ጎረቤታቸውንና ከላይ ከታች የሚገጥማቸውን ጥርስ ተደግፈው ነው የሚቆሙት። ድጋፉ ሲጠፋ ይንሸራተታሉ። ከፊትና ከኋላ ያሉት ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፣ ከላይ ያለው ይወርዳል። ክራውን የሚሰራው በልኬቱ ቀን በነበረው ቦታ ነው። ትንሽ ከጠበበ አይገባም።

ወደፊት ከወደቀብዎ ንጹሕ ቦታ ላይ አስቀምጠው በዚያው ቀን ይደውሉ። እንዳይጠፋ ብለው አፍ ውስጥ ሳይለጠፍ ይዘው አይተኙ፣ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። በሱፐር ግሉ ደግሞ በጭራሽ አይለጥፉት። በዚያ በኩል ተለጣፊ ነገር አያኝኩ። የጥርስ ክር ሲጠቀሙ ወደ ላይ አይንጠቁት፣ በጎን በኩል ስበው ያውጡት።

ታካሚ ነኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክሩን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ጀማሪ ሐኪም

ይህን ለታካሚዎቼ በወረቀት አትሜ እሰጣለሁ። እህቴ ከፈቀድሽ።

ድድ ጠባቂ

ደስ እያለኝ።

አዲስ ገቢ

አንድ ጥያቄ ብቻ። ዩጂኖል ያለው ሲሚንቶ ምን ችግር አለው? እኛ ጋ ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው። ነርቩን ያረጋጋል ይሉታል።

ክራንቻ 13

ማረጋጋቱ እውነት ነው፣ ከቅርንፉድ የሚገኝ ነገር ነው። ችግሩ ዋናውን ክራውን በሬዚን ሲሚንቶ የምትለጥፍ ከሆነ ነው። ዩጂኖል ሬዚኑ እንዳይጠነክር ያደናቅፋል፣ ቅሪቱም ዴንቲኑ ላይ ይቆያል። ቴምፖራሪውንም እያደር ሊያለሰልሰው ይችላል። ዋናውን በግላስ አዮኖመር ወይም በዚንክ ፎስፌት የምትለጥፍ ከሆነ ብዙም አያሳስብም። በየትኛውም ቢሆን ከመግጠምህ በፊት ጥርሱን በፓሚስ አጽዳው።

ጀማሪ ሐኪም

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ታካሚዋን ጠርቼ እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ላይ በቂ አልሞረድኩም፣ ክራውኑን መቀየር አለብን፣ ወጪው የእኔ ነው አልኳት። ተቀበለችኝ። ኩስፑን ሞረድኩ። ቴምፖራሪውን ከልኬቱ በፊት ሰራሁ። ንክሻውን ወደ ጎንም አስፋጭቼ አየሁ። እውነትም አንድ ወፍራም ምልክት እዚያው በኋለኛው ኩስፕ ላይ ነበር። ካስተካከልኩ በኋላ ለካሁት፣ 1.5። አሁንም አልበቃኝም። ትንሽ ሞረድኩ፣ ቴምፖራሪውን ከውስጥ ሞላሁ፣ 1.9 ሆነ። ጠርዙን በእርሳስ ስዬ ቆረጥኩ። በምላስ በኩል የጎደለ ነበረው፣ በፍሎዌብል ሞላሁት። ቴምፖራሪው ብቻ 40 ደቂቃ ወሰደብኝ።

የዚያኑ ዕለት ልኬቱን አልወሰድኩም። ድዱ ገና እብጠት ላይ ነበር። አሥር ቀን አቆይቼ ጠራኋት። ድዱ ጥርሱን አቅፎ ሐምራዊነቱ ጠፍቷል። ልኬቱን ያኔ ወሰድኩ፣ አንድ ጠብታ ደም አላየሁም። ቴክኒሺያኑንም ደውዬ አናገርኩት። ቦታ ሲያጣ ከመሥራቱ በፊት እንዲደውልልኝ ተስማማን።

ትናንት ክራውኑን ገጠምኩ። ቴምፖራሪው እስከዚያ ድረስ አልወደቀም። ሳወጣው ከውስጥ ያለው ሲሚንቶ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ነበር፣ ምራቅ አልገባበትም።

የሰም ቢላ

ኩስፑ ላይ ቀለሙ እንዴት ሆነ?

ጀማሪ ሐኪም

ከጎረቤቱ ጥርስ አልለየሁትም።